እንደ ሰሊጥ ነዶ የታሰረ ክንድ

ባለ ሦስት ማዕዘን ፋሻ አንድ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። አራት ማዕዘን አቡጀዲ ከጥግ እስከ ጥግ ለሁለት ቢቀደድ ሁለት ፋሻ ይወጣዋል፤ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም። ይህን የምለው ጨርቁን ለማጣጣል አይደለም። የተሰበረ ክንድ ደረት ላይ አሳርፎ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መልካም ጨርቅ ነው። እኔ የናቅሁት ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ በዚህ ጨርቅ ዙሪያ ከብበው የቆሙትን ሰዎች ነው። ንቀት ገና የመጀመሪያ ዓመት ላይ ላለ ተማሪ የሚያምር ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ ብትሰማም ደስ አይላትም። በሌላ ቃል ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ውሸት ውሸት አለኝ።

የመጀመሪያውን መንፈቅ ትምህርት ጨርሰን የሁለተኛው ጥሪ ስለዘገየ መተማ ወረዳ ኮኪት ባለው ቤታችን ተቀምጬ ነበር። በአጨዳ ወቅት በየእርሻው የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ ሲባል ሰማሁና ተመዘገብሁ። ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ፤ ዲፓርትመንት ስንመርጥ ይጠቅመኛል ብዬም አስቤ ነበር። ሥልጠናው የተሰጠው መተማ ዮሐንስ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ነው። በመስኮቱ በኩል ወደ ሱዳን ለመሻገር ወረፋ የያዙ የጭነት መኪኖች ይታያሉ፤ ሾፌሮቹ ጥላቸው ሥር ተኝተዋል። ከእኛ ይልቅ እነሱ ቀናቸውን በደንብ እንደተጠቀሙበት የገባኝ በኋላ ነው።

አሠልጣኛችን ከትልቅ ከተማ የመጣ፣ የቆላውን ሙቀት በግሉ እንደ ተሰደበ የቆጠረ ሰው ነበር። ላቡን የሚጠርገው ለሥልጠና በመጣው ፋሻ ነው። አንዱ ሲረጥብ ሌላ ከፕላስቲኩ ያወጣል። ንግግሩ ሁሉ ምሳሌ ነበር፤ ምሳሌው ሁሉ ደግሞ ትዳር።

«ፋሻ እንደ ትዳር ነው» ይላል። «ከላላ ይፈርሳል። እስቲ አብረን፣ ከላላ?»

«ይፈርሳል» እንላለን።

«አልሰማሁም።»

«ይፈርሳል።»

ትልልቅ ሰዎች፣ የልጆች አባት የሆኑ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ድምፅ ይመልሱ ነበር። ከሁሉም አጥርቼ የመለስሁት እኔ እሆናለሁ፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበርሁ።

አሠልጣኙ ያላወቀው ነገር ቢኖር የት አገር መጥቶ «አጥብቁ» እንደሚል ነው። እኛ የሰሊጥ አገር ሰዎች ነን። የታጨደ ሰሊጥ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም እርስ በርስ ተደጋግፈው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ክምሩን ሂላ እንለዋለን። ሂላው ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል። ነዶው የላላ ከሆነ ሲያነሡት ይንሸራተትና ሰሊጡ ይፈስሳል፤ በመሬቱ ስንጥቅ የገባ ሰሊጥ ደግሞ ለጉንዳን ነው። ስለዚህ ነዶ ሲታሰር በጉልበት ተጭነው፣ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ስበው፣ ጫፉን ጠምዝዘው ይወሽቁታል። አሠሪው ወይም የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው መጥቶ ጣቱን ከማሰሪያው ሥር ለማስገባት ይሞክራል። ጣቱ ካልገባ አሳሪው ጎበዝ ነው፤ ከገባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። እንዲህ ላደገ ሰው «ፋሻ ከላላ ይፈርሳል» ማለት እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው።

በሥልጠናው መጨረሻ ውድድር ተደረገ። ክንዱ የተሰበረ መስሎ የሚታሰር ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁ፤ አስተማሪ ፈቃደኛ ሲጠይቅ እጅ ማውጣት ልማዴ ነው። ያሰረኝ የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ልጅ ነበር። ሰሊጥ አስሮ አያውቅም፤ አባቱ ሲያሳስር ግን አይቷል። ፋሻውን እንደ መቀነት አጥፎ፣ ክንዴን ከአንድ እንጨት ጋር አጣብቆ ጠመጠመና ጫፉን ጠምዝዞ ወሸቀ። አሠልጣኙ ክንዴን አንሥቶ ለሕዝቡ አሳየ።

«አያችሁ? አይነቃነቅም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጣቶቼ መንዘር ጀምረው ነበር።

«መምህር፣ ጣቴን እየነዘረኝ ነው» አልሁት በቀስታ።

«ተሰማሽ ማለት ሠርቷል ማለት ነው።»

ከኋላው ግድግዳው ላይ በሚታየው ስላይድ የመጨረሻው መስመር «የጣቶችን ቀለምና ሙቀት ይመልከቱ» ይላል። ሳያነብበው ሊያልፍ ሲል በታሰረው እጄ ፈንታ ሌላውን አውጥቼ እሱ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ግሩም ጥያቄ ነው። ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን።»

ከሻይ በኋላ ያወራን ስለ ጭንቅላት ፋሻ ነው። ትንሿ ጣቴ እስኪመሽ ድረስ የእኔ አልመስል ብላኝ ነበር። የነጋዴው ልጅ የቡድን መሪ ተባለና ብዙ ኪስ ያለው ቀይ ሰደርያ ተሰጠው። ኪሶቹ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ሁሉንም በማስቲካ ሞላቸው።

ስለ ጣት የጠየቅሁት ለመታየት ብቻ አልነበረም። ሠፈራችን ውስጥ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ሰው አለ፤ አንድ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ልጅ ሳለ ከአህያ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አጥብቆ አሰረለት። ልጁ «እጄ ደነዘዘ» ሲል ቤተ ሰቡ «አጥንቱ እየያዘ ነው» ብለው ደስ አላቸው። ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ያደረጉለት ነገር ቢኖር መቁረጥ ነው። ካርድ ስገዛ ብሩን በጥርሱ ይዞ ካርዱን በአንድ እጁ ሲቀድድ ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጠብቆ ስለታሰረ ክንድ ከዚህ የበለጠ ስላይድ አላስፈለገኝም።

የተመደብነው ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለ አንድ እርሻ ላይ ነው። ሂላዎቹ አጠገብ ድንኳን ተከልን፤ በላዩ ላይ ባነር ተሰቀለ። ባነሩ ከድንኳኑ ይበልጥ ነበር። የቡድን መሪው ፋሻዎቹን ከነፕላስቲካቸው በጠረጴዛ ላይ እንደ ሱቅ ዕቃ ደረደራቸውና አንዱን አንገቱ ላይ እንደ ሻል ጣል አደረገ። የመጀመሪያው ታካሚያችን ማጭድ እጁን የቆረጠው ወጣት ነበር። ደሙ እየተንጠባጠበ መጣ። አንድ ፋሻ ላነሣ ስል መሪያችን እጄን ያዘ።

«ደም ይነካዋል» አለ።

«ፋሻ እኮ ነው።»

«ይኼ ማሳያ ነው። ለእንዲህ ያለው ትንሽ ቁስል የራሱን ጨርቅ ይሰር። ትልቅ ነገር ሲመጣ እናወጣዋለን።»

ወጣቱ ሸሚዙን ቀድዶ አሰረ። እሱ ሸሚዝ ቀደደ፣ እኛ ጠረጴዛ ጠበቅን። በየዕለቱ አሠልጣኙ ደውሎ «ሥራችሁን የሚያሳይ ፎቶ ላኩ» ይላል፤ መሪያችንም «ትልቅ ጉዳት አልመጣልንም» ብሎ በሐዘን ይመልሳል። ሰው ስላልተሰበረ የሚያዝን የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ከአጫጆቹ መካከል ከጎጃም በየዓመቱ የሚመጡ አንድ ሰው ነበሩ። ጢማቸው ሸብቷል፤ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም ስማቸውን ሳላውቅ ጋሼ አልኋቸው። ውኃ ይዤ ሳልፍ ካዩኝ ማጭዳቸውን ያቆማሉ።

«ዶክተሯ መጣች። ማነው የሚሞት? ቶሎ ይሙት፣ ልጂቱ ሥራ ፈትታለች።»

«እርስዎ ይቅደሙ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

«እኔማ ብሞት በበሬዎቼ ማን ያርሳል? የዘንድሮ ወይፈን ገና የሌላ ሰው እርፍ አያውቅም።»

ስለ ወይፈኑ ከጀመሩ አያቆሙም። ቀንበር እንዴት እንዳስለመዱት፣ አንዴ ጎትቶ ገደል ሊጨምራቸው እንደ ነበር፣ ከእሳቸው እጅ በቀር የማንንም እርፍ እንደማይቀበል። ልጆቻቸው ሴቶች ናቸው፤ ተድረው ሄደዋል። ቤታቸው ውስጥ የሚያርስ እጅ የእሳቸው ብቻ ነው። እዚህ የሚያጭዱትም የአገራቸው አዝመራ እስኪደርስ የቤታቸውን ጉድለት ለመሙላት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ትራክተሩ የውኃ በርሜል በተሳቢው ጭኖ ሲመጣ ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው ተንጠላጠሉበት። ተሳቢው አንድ ቦይ ሲሻገር ዘለለ። ጋሼ ወደቁ፤ የወደቁትም ክንዳቸውን ዘርግተው ነው። ስንደርስ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ይዘውት ነበር። በእጅ አንጓና በክርን መካከል ክንድ የማይታጠፍበት ቦታ ላይ ታጥፏል። ቆዳው አልተቀደደም።

የቡድን መሪው እየሮጠ መጣ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

«በመጨረሻ» አለ።

ፕላስቲኩን በጥርሱ ቀደደ። ከድንኳኑ ካስማ አንዱን ነቅሎ ከክንዳቸው ጋር አጋጠመና ፋሻውን ልክ እንደ አዳራሹ አጥፎ መጠምጠም ጀመረ። ሠራተኞቹ ከበቡት። ወዲያው ምክር ዘነበ፤ ማሰር የማያውቅ ሰው እዚያ የለምና።

«ሳብ አድርገው።»

«እንደሱ አይደለም፣ በጉልበትህ ተጫን።»

«ቀስ በል እንጂ፣ የሰው እጅ እኮ ነው» አለ አንዱ።

«የሰው እጅ ስለሆነማ ነው። ነዶ ቢፈታ እናስረዋለን፣ ይኼ ቢፈታ ማን ያስረዋል?»

መሪያችን እውነትም ጉልበቱን አጠገባቸው መሬት ላይ ተክሎ እስከ መጨረሻው ሳበ፤ ጫፉን ጠመዘዘ፤ ወሸቀ። ጋሼ ጥርሳቸውን ነክሰው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ካቦው መጣና ጎንበስ ብሎ ጠቋሚ ጣቱን በፋሻው ሥር ለማስገባት ሞከረ። አልገባለትም።

«ጎበዝ። ጥሩ እስር ነው» አለ።

መሪያችን የሰሊጥ አገር ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛውን ማዕረግ አገኘ። ሰው ሁሉ በተሰበረው ክንድ ፊት ቆሞ እሱን አመሰገነው። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወደዚህ ዙር። ባነሩ ይታይ። እጅህን ከፍ።»

በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ» ሲላቸው ከሠራተኞቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ አልሰማም። ኮፍያቸውን አቃናላቸው። ሲታሰሩ የሚያሳይ ፎቶ ስላልነበረው እያሰረ መስሎ እንደገና ፎቶ ተነሣ። ፋሻው ትንሽ አፈር ነክቶት ስለነበር አራገፈው፤ የተሰበረ ክንድ ላይ።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደን ትራክተሩ ነው፤ ሾፌሩ ግን ውኃውን ገና እያወረደ ነበር። ጋሼን በድንኳኑ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። ትንሽ ቆይተው ፈገግ አሉ።

«አሁንስ አያመኝም። እንዲያውም እጅ ያለኝም አይመስለኝ።»

«ፋሻው ነው» አለ መሪያችን። «አሳረፈልህ።»

ሁሉም ደስ አላቸው። እኔ የካርድ ሻጩ ቤተ ሰቦች ትዝ አሉኝ፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ነበር። ጠጋ ብዬ የጋሼን ጣቶች አየሁ። የግራው መዳፍ የተለመደው የገበሬ መዳፍ ነው፤ የቀኙ ጣቶች ግን አብጠው ጥፍራቸው ሥር ጠቁሯል። ነካሁት። በዚያ ፀሐይ፣ ድንጋዩ በሚያቃጥልበት ቆላ፣ ጣታቸው ቀዝቅዟል።

«ይኼ መላላት አለበት» አልሁት መሪያችንን።

«ፎቶው አልተላከም። ዛሬ ኔትወርክ ጠፍቷል።»

«ፎቶው ምን አገናኘው?»

«ከፈታሽው ምናልባት ድጋሚ አንሡ ቢሉኝስ? እስኪላክ ተይው።»

«ጣቶቹን እያቸው። ቀዝቅዘዋል።»

«አንቺ ገና ፍሬሽ ነሽ» አለኝ። «ዲፓርትመንት እንኳ አልመረጥሽም። እኔ በውድድር ያሸነፍሁት በዚህ አስተሳሰር ነው፤ አንቺው ላይ። እጅሽ ተቆረጠ?»

ከመሪ ጋር መከራከር አልለመድሁም። ፈተና ላይ መልሱን እያወቅሁ ተቆጣጣሪው አጠገቤ ሲቆም የጻፍሁትን የምሰርዝ ሰው ነኝ። ደግሞም ችግሬ እሱ ብቻ አልነበረም። ወደ ጋሼ ዞሬ «ትንሽ ላላላልዎት» ስላቸው እሳቸውም እጃቸውን ሸሸጉብኝ።

«አይ አንቺ። ሰው እንዲህ አጥብቆ አስሮልኝ አንቺ ልታፈርሺው? የላላ እስር አጥንት ይይዛል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ደሙ አላልፍ ብሎ ነው የደነዘዘው።»

«መደንዘዙማ ደግ ነው። ባይደነዝዝ ይኼኔ እንደ ጥጃ ስጮህ ነበር።»

ካቦው ከኋላ «ተይ ልጄ፣ ጣት የማያስገባ እስር ነው» አለ። ሰዉ ሁሉ ከእሱ ጋር ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ከቆሙት ሁሉ ጥብቅ ነገር መጥፎ ሊሆን ይችላል ብላ የምታስብ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እኔ ደግሞ ጎበዝ አሳሪ ተብዬ አላውቅም። ነዶዬን አባቴ ሁልጊዜ ፈትቶ ያስረዋል።

በቃል የማሸንፋቸው እንዳልሆነ ገባኝ። እግራቸው ሥር ቁጭ አልሁ።

«እሺ ጋሼ፣ አልፈታውም። አንድ ነገር ብቻ። ፊትዎን ወደ ሂላው ያዙሩ። ጣትዎን እይዛለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«የሕፃን ጨዋታ ነው?»

«የሕፃን ጨዋታ ነው።»

ሳቁና ዞሩ። ሠራተኞቹም ለጨዋታው ቀረቡ። የመሐል ጣታቸውን በሁለት ጣቴ ያዝሁና ጫን አደረግሁት።

«ያዢ እንጂ» አሉ።

ጠበቅ አድርጌ ጫንሁት፤ ጥፍሬ ቆዳቸው ላይ ምልክት እስኪያወጣ።

«መች ያዝሽና?» አሉ አሁንም ወደ ሂላው እያዩ። ከዚያ የሰዉ ዝምታ አጠራጠራቸው መሰል በግምት «ትንሿን» አሉ።

ጋሼ ዞሩ። የመሐል ጣታቸው በእጄ ውስጥ እንዳለ አዩ፤ ጥፍሬ እንደተተከለ አዩ። ጣቱን እንደ ሰው ዕቃ ተመለከቱት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ግራ እጃቸው ሄዶ ተመለሰ።

«ይኼ እጅ» አሉ፤ አልጨረሱትም። ድምፃቸው ውስጥ ወይፈኑ ነበር። «ፍቺው። ቶሎ በይ።»

«ፎቶው…» አለ መሪያችን።

«አንተ ልጅ፣ የራስህን እጅ አስረህ ተነሣ» አሉት ጋሼ።

የተወሸቀው ጫፍ በጥፍር አልወጣ አለኝ። ካቦው ማጭድ አቀበለኝና ክንዱን ከሥር ደግፎ ያዘ፤ እስሩን ያመሰገነው እሱ ነው፣ አሁን ደግሞ ፊቱን አዙሯል። ፋሻውን ቀደድሁት። መሪያችን ጨርቁ ሲቀደድ ሲሰማ እንደ ቆሰለ ሰው «እ» አለ፤ በዚያ ቀን ከአፉ የወጣች ብቸኛዋ የሕመም ድምፅ እሷ ናት።

ደሙ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ጋሼ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው አቃሰቱ፤ ከዚያ ጮኹ።

«አየሽ?» አለ መሪያችን በድል። «ሲታሰር ዝም ብሎ ነበር።»

እንዲህ ላለ ሰው መልስ የሚሰጥ ሰው ጊዜ የተረፈው ነው። የጋሼን ፎጣ አጥፌ ክንዳቸው ሥር አነጠፍሁ። ሁለት ደረቅ የማሽላ አገዳ በሁለት በኩል አደረግሁና ከስብራቱ በላይና በታች በተቀደደው ፋሻ አሰርሁ፤ ጣቴን ከማሰሪያው ሥር አስገብቼ አየሁ፤ ገባ። ካቦውም ከልማዱ የተነሣ ጣቱን አስገባ፤ ገባለት። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ አዲስ ፋሻ አነሣሁ። ከሥልጠናው ጀምሮ እንደ መቀነት ሳይታጠፍ ሙሉው የተዘረጋ የመጀመሪያው ፋሻ ነው። አንዱን ጫፍ በትከሻቸው አሻግሬ፣ ሹሉን ወደ ክርናቸው አድርጌ፣ ክንዱን ውስጡ አስተኛሁ፤ እጁ ከክርኑ ትንሽ ከፍ አለ፤ ጣቶቹ ወጥተው እንዲታዩ ተውኋቸው። ቋጠሮውን የአከርካሪ አጥንታቸው ላይ ሳይሆን ከትከሻቸው ጎን ባለው ጎድጓዳ ላይ አሳረፍሁት። ጨርቁ ይኼን ያህል ትሑት ነገር ነው፤ ክንዱን ይዞ ዝም ይላል።

«ይኼ እስር ነው አሁን?» አሉ ጋሼ ላባቸው እየወረደ። «አንቀልባ ነው እንጂ።»

«አንቀልባ ነው» አልኋቸው። «ይተኙበት።»

ትራክተሩ ሲደርስ ተሳቢው ላይ ገብተን ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ጣቶቻቸውን እያየሁ ነበር። ጥቁረቱ በዝግታ ሄደ። ቦይ በተሻገርን ቁጥር ሾፌሩን ይሰድባሉ፤ ስድባቸው ግን ከአጥንት የመጣ ሳይሆን ከልማድ ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘናት ባለሙያ ጣቶቻቸውን ተጭና ለቀቀች፤ ቀለማቸው ሲመለስ አየች፤ ፋሻውን አየች።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«ይሁን» አለች፤ ወደ ሆስፒታል የሚላኩበትን ወረቀት መጻፍ ጀመረች።

ከዚያ በላይ ምስጋና አልጠበቅሁም ብል እዋሻለሁ። ጠብቄ ነበር። ግን «ይሁን» የምትል ሰው ቀኑን ሙሉ «ጎበዝ» ሲባባሉ ከዋሉት ሁሉ እንደምትበልጥ ወደ ድንኳኑ ስመለስ ገባኝ። መሪያችን የድንኳኑ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልግ ነበር።

ፎቶው በመጨረሻ ተልኳል። ይህን ያወቅሁት አጨዳው ሊያልቅ ሲል ለሚቀጥለው ዙር ሠልጣኞች «ተሞክሮ እንድናካፍል» ወደዚያው አዳራሽ በተጠራን ጊዜ ነው። አሠልጣኙ እንደ ልማዱ ላቡን በፋሻ እየጠረገ ስላይዱን ቀየረ። ጋሼ ግድግዳውን ሞልተው መጡ፤ ኮፍያቸው የተቃና፣ ባነሩ የተነበበ፣ ክንዳቸው ከድንኳን ካስማ ጋር እንደ ነዶ የታሰረ። ጥላ ውስጥ ባለው እጃቸው ላይ የጣቶቹ ጥቁረት ይታያል፤ ለሚያይ ሰው።

«ይኼ ነው ምርጥ ተሞክሮ» አለ አሠልጣኙ። «አያችሁ? አይነቃነቅም።»

አዲሶቹ ሠልጣኞች አጨበጨቡ። የቡድን መሪው ተነሥቶ እጅ ነሣ። ሰደርያው ታጥቦ ቀለሙ ትንሽ ሄዷል፤ ሌላ ከእሱ የሄደ ነገር የለም። እኔም እጄን አወጣሁ፤ አልለቀቀኝም ይኼ ልማድ።

«የዚህ ሰው ጣቶች ምን ቀለም ናቸው?»

አሠልጣኙ ወደ ግድግዳው አልዞረም።

«ግሩም ጥያቄ ነው። ከሻይ በኋላ እንመለስበታለን።»

ሻዩን አልጠበቅሁም። አጠገቤ ወደ ተቀመጡት ሁለት ሴት ሠልጣኞች ዞሬ «አስራችሁ ስትጨርሱ ጣታችሁን ከሥሩ አስገቡ። ካልገባ ፍቱት» አልኋቸውና ወጣሁ። አንደኛዋ ነዶ የምታስር እጅ ነበራት፤ «የተገላቢጦሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። «የተገላቢጦሽ ነው» አልኋት።

የቸኮልሁት የጎጃም አውቶቡስ ሊነሣ ስለነበር ነው። ጋሼ ሆስፒታል ክንዳቸው በጀሶ ታሽጎላቸው፣ አጨዳውን ውኃ ሲያድሉ ከርመው፣ በዚያ ቀን ወደ አገራቸው ይገቡ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ በአውቶቡሱ ጥላ ቆመው አገኘኋቸው። ጀሶው ደረታቸው ላይ ያረፈው በእኔ ፋሻ ነው፤ አጥበውታል፤ ግን በአንዱ ጥግ ለመንገድ የሚሆን ድርቆሽ እንጀራ ቋጥረውበታል። ጣቶቻቸው ከጀሶው ጫፍ ወጥተው ይታያሉ።

«ዶክተሯ» አሉ። «ያ ፎቶ አንሺ ጌታሽ ደኅና ነው? ሰው ተሰብሮለታል ወይስ እንደ ተከዘ ነው?»

«ግድግዳ ላይ ሰቅሎዎታል።»

«ሰሊጥ መስዬ?»

«ሰሊጥ መስለው።»

ረዳቱ ጎጃም ጎጃም እያለ ሰው ያስገባል። እኔ የምጠይቀውን አላወቅሁም፤ ጀሶው ገና አልተፈታም፤ እርፍ ይይዛል አይይዝም እዚያ ቆሞ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ዓይኔ የት እንዳለ አዩ። ፊታቸውን ወደ አውቶቡሱ አዞሩና ክንዳቸውን ከነጀሶው ዘረጉልኝ።

«በይ ያዢ።»

አውራ ጣታቸውን ያዝሁ። ጫን አደረግሁት።

«መች ያዝሽና?» አሉ።

ጠበቅ አድርጌ ጫንሁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ መሆኑ የገባኝ አውራ ጣታቸው ዞሮ የእኔን ጣት ቆልፎ ሲይዘው ነው። የበሬ ሰው አያያዝ ነበር።

«አውራ ጣቴ ናት» አሉ። «ጥፍርሽን ቁረጪ እንግዲህ፣ ይወጋል።»